የአይሌን ገመድ

አይሌን ናሁዌልን ካኮረፈችው ቀናት አልፈዋል። እሑድ አባቷ ሥጋ ጠብሶ፣ አክስቶቿ ተሰብስበው፣ «ይህን ጉደኛ እጮኛሽን እስቲ እንየው» ብለው ሲጠብቁ ቀረባት። ፈራሁ አለ! የሰው ነፍስ በእጁ የሚይዝ ጎረምሳ የአክስት ዓይን ፈራ!

ዛሬ የቦነስ አይረሱ የትርኢት አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። ወለሉ እንደ መስታወት የጠራ የውሃ ገንዳ ከተመልካቹ ራስ በላይ ተንጠልጥሏል። አይሌን ወገቧን በገመድ ታስራ ውሃው ላይ ትንሸራተታለች፣ ትገለበጣለች። ገመዱን ከገንዳው ዳር ቆሞ በሞተር የሚስበው ናሁዌል ነው። ውሃው ስለሚጮህ መነጋገር አይቻልም፤ ስለዚህ ወደ ላይ ከመሳቧ በፊት ወለሉን በመዳፏ ትመታለች። ካልመታች አንድ ነገር ሆናለች ማለት ነውና ማሽኑን ያቆማል። የቡድኑ ሕግ ይኸው ነው።

ቀና ብላ አየችው። ዓይኑ እጇ ላይ ተተክሏል። እንዲህ የሚያይ ሰው እሑድ የት ነበር? ንዴቷ ገነፈለና መዳፏን ሰበሰበችው። ትንሽ ይጨነቅ ብላ ነው።

ማሽኑ ቀጥ አለ። መብራት በራ፣ ሕዝቡ አጉረመረመ።

የቡድኑ ኃላፊ ኦስቫልዶ ከመጋረጃው ጀርባ እየጮኸ መጣ። «አንተ ፈዛዛ! በዚህ ሁሉ እንግዳና ጋዜጠኛ ፊት አዋረድከኝ! ልጅቷ ደህና ናት እኮ!»

ናሁዌል አንገቱን ደፋ እንጂ ወደ እሷ አልጠቆመም።

«ዕቃህን ሰብስብና ጥፋ!»

አይሌን ከገንዳው ወጥታ ውሃ እያንጠባጠበች መሃላቸው ገባች። «ሆን ብዬ ነው ምልክቱን የከለከልኩት። ተናድጄበት ነው። እሱ ሕጉን ነው የጠበቀው!»

«ገባኝ» አለ ኦስቫልዶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን ጋዜጠኞቹ ጥፋተኛ ይፈልጋሉ። አንቺ ደግሞ ፎቶሽ የትርኢቱ ፖስተር ላይ ነው፤ አንቺን ማባረር አልችልም። ገመዱን ሌላ ሰው ይይዛል፤ ተመለሺ።»

ደሟ ፈላ። እውነቱን ሰምቶ፣ እውነቱን አምኖ፣ ያለ ኀፍረት ሰው ያባርራል!

«በማቆሙ ካባረርከው፣ ነገ እጄ ዝም ሲል ማን ደፍሮ ያቆማል?»

አይሌን ገመዱ የሚታሰርበትን ቀበቶ ፈትታ እግሩ ሥር ወረወረችው። «እንግዲያው ፖስተርህን አስጨፍር!»

ጎዳናው ላይ አላፊ አግዳሚው እየዞረ ያያታል። ናሁዌል ጃኬቱን አለበሳት።

«አይሉ፣ ለኔ ብለሽ ሥራሽን...»

«ዝም በል! ገና አልታረቅኩህም።»

«እሺ።»

ትንሽ እንደሄዱ አላስቻላትም። «እጄ ዝም ሲል በልብህ ምን አልክ?»

«የሞትሽ መሰለኝ።»

ያዘጋጀችው ስድብ ሁሉ ጠፋባት። «የማትረባ!» አለችው እንባዋ እየወረደ፣ እጁንም ጭምቅ አድርጋ ያዘችው።