ውርጭ የማይነካት መሬት

«የገብረአብ ገብስ ማሳ ውስጥ ውርጭ የማይነካት ቦታ አለች... የተጋደመ ሰው የምታክል።»

ብዙአየሁ ናት ለእህቷ ስታንሾካሹክ የሰማኋት። ጎረቤቴ ናት። እኔ አጥሩ ስር ጎመን እቀነጥስ ነበር... ጆሮዬ ግን እዛ ነው።

ልጆቼ፣ ተረት አይደለም። በነዚህ በሁለት ዓይኖቼ ያየሁት ነው። ወሩ ኅዳር፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ከጎረቤላ ከተማ ወጣ ብላ ካለችው የደጋ መንደራችን።

ወሬ ሰምቼ ቤቴ ልቀመጥ? ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ።

ማሳው ነጭ ነው። ውርጩ ጨው መስሎ ተነስንሶበታል።

መሃሉ ላይ ግን... ጥቁር መሬት። ገብሱም እዛች ጋ ብቻ ለምለም።

ጎንበስ ብዬ አፈሩን ነካሁት።

ይሞቃል።

እንደ ሰው ብብት ይሞቃል...

ያኔ ህሊና የምትባል የአፈር ተመራማሪ ከደብረ ብርሃን ትመላለስ ነበር። ገብሱን የሚያፋፋው ፎስፌት የሚሉት ነገር ከየት እንደሚመጣ፣ ከማዳበሪያ ይሁን፣ ከፍግ ይሁን፣ ከድንጋይ... እሱን ነው የምታጠናው። ከዛች ቦታም አፈር ዘግና ወሰደች።

ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም።

«እማማ፣ ፎስፌት ውስጥ ኦክስጅን አለ። ከባድም ቀላልም አለው። የሁለቱ መጠን ከየት እንደመጣ ይነግረናል።»

«እና ከየት ነው?»

«ከአጥንት ይመስላል።» ድምጿን ቀነሰች። «አጥንት ደግሞ ባለቤቱ የጠጣውን ውሃ ምልክት ይይዛል። ይሄ የእናንተን ውሃ የጠጣ አይደለም። የቆላ ነው።»

«የድሮ ይሆናላ!»

«የድሮ ቢሆን አፈር ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን ምልክቱን አጥፍተው በዚህ አገር ውሃ ይተኩት ነበር። ይሄ ግን...»

«ግን ምን?»

«ትናንት የገባ ነው የሚመስለው።»

እኔ ደግሞ አፌን መች እይዛለሁ! ገበያ ላይ ለአንዷ ሹክ አልኳት... ወሬው ቆላ፣ አልዩ አምባ ድረስ ወረደ።

ሰሊሃ መጣች። ባሏ ዓወል በርበሬ ጭኖ ወደኛ እንደወጣ የቀረባት ናት። እሱ ሲቀር እቅፏ ላይ የነበረችው ልጅ ያን ጊዜ ተድራ ነበር።

«ሞቶ ከሆነ ልቅበረው፣ ይሰገድበት። ካለም ልጠብቀው። ወላሂ፣ መሃል ላይ መቆም ሰልችቶኛል!»

ህሊና ከአፈሩ ጋር ለማስተያየት የመንደሯን ምንጭ ውሃ እንድታመጣላት ጠየቀቻት። ሰሊሃ በማግስቱ ማለዳ ጀሪካን ሙሉ ተሸክማ መጣች። ማሳውም የዛኑ ቀን ተቆፈረ። ፖሊስ ቆሞ፣ መንደሩ ከቦ።

ቆፋሪዎቹ እስከ ወገብ ወረዱ።

አጥንት የለም። ጨርቅ የለም። ጥርስ እንኳ የለም።

አፈሩ ግን በተቆፈረ ቁጥር ሙቀቱ ይብሳል። እንፋሎት ይወጣዋል...

ገብረአብን በዛ ብርድ ላብ አጥምቆታል።

«አላልኳችሁም? ምንም የለም!»

ጓደኛዬ ወለተሐና ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ታዲያ ምን ያልበዋል?»

ሰሊሃ ወደ ጉድጓዱ ጠጋ አለች። አላለቀሰችም። ጀሪካኑን ከፍታ ውሃውን ቀስ አድርጋ አፈሰሰችው።

ውሃው ጉድጓዱ ውስጥ አልተኛም።

ጉልጭ...

ጉልጭ...

አፈር ውሃ ሲመጥ አውቃለሁ፣ የገበሬ ልጅ ነኝ። እንዲህ አይደለም። ይሄ ጉሮሮ ነው።

ጉልጭታው ቆመ። ትንፋሽ የሚወስድ መሰለ...

ደግሞ፣ ጉልጭ።

«መልሱት!» ገብረአብ አካፋ ነጠቀ። «አፈሩን መልሱበት!»

ወለተሐና ሄዳ ፊቱ ተገተረች።

«ተው አንተ! የሚጠጣ ሰው አይቋረጥም!»



ሰሊሃ ጀሪካኑን ይበልጥ ዘንበል አደረገችው።

«ቀስ በል፣ ዓወል... ገና ብዙ አለ።»