ሠላሳ ስምንተኛው ዙር

ኦዲል ሬሚን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠልታዋለች። ምክንያትም ነበራት። የቤተ ክርስቲያን መዘምራንን ትታ አንድ ባንድ ወደሚለማመድበት አሮጌ የእርሻ ቤት ስትገባ፣ ቤዝ ጊታሩን ታቅፎ ከተቀመጠበት ቀና እንኳ ሳይል «ቅዳሴው እሑድ ነው፣ እመቤቴ። ቀን ተሳስተሻል» አላት።

«አንተስ ሙያህን አልተሳሳትክም?» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ዓመት ሙሉ አብረው ሲሠሩ ደግ ቃል አልተለዋወጡም።

የባንዱ አለቃ ድራም መቺው ጎቲዬ ነው። የጃዝ መምህሩ በሞተ ጊዜ ለወራት የድራም ዱላ ሳይነካ ከረመና ሲመለስ፣ ጃዝም ሮክም ያልሆነ ነገር ይዞ መጣ። ቤዙ አንድ ሐረግ እየደጋገመ እንደ መዶሻ ይወቅጣል፤ ድራሙ ከሥሩ ይንጠዋል፤ ኦዲልን ጨምሮ ሦስት ሴቶች ጎቲዬ ራሱ በፈጠረው፣ በምድር ላይ ማንም በማይናገረው ቋንቋ ይጮሃሉ። ሕጉ የጠበቀ ነበር። ቤዙ ሐረጉን ሲደጋግም አርባኛው ዙር ላይ ድምፅ ይገባል። የሳተ ብቻውን ይወድቃል፤ ማንም አይከተለውም።

በፈረንጆች 1972፣ በየካቲት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ናንሲ በምትባል ከተማ ተጫወቱ። ሕዝቡ የመጣው ለመደነስ ነበር። በአሥረኛው ዙር ፉጨት ተነሣ። በሃያኛው አንዱ «ሐኪም ጥሩላቸው» ሲል አዳራሹ ሳቀ። በሠላሳ ሰባተኛው የቢራ ጣሳ ተወርውሮ የኦዲልን ትከሻ መታት። ደነገጠችና ሁለት ዙር ቀድማ ገባች።

ድምፅዋ ብቻውን ወጣ። ሁለቱ ሴቶች ዝም አሉ። ጎቲዬ ዓይኑን ጨፍኖ መምታቱን ቀጠለ። ከፊቷ ያለው ሕዝብ ያፏጫል።

ያን ጊዜ ቤዙ መንገድ ቀየረ። ሬሚ ሐረጉን ጥሎ ከድምፅዋ ሥር ገባ። በዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየ። ሴቶቹ ቤዙን ተከተሉ፤ ጎቲዬም ሳይወድ ተከተለ።

ከመድረክ ሲወርዱ ጎቲዬ «ማነው የሳተው?» አለ።

«እኔ» አለ ሬሚ። «ቆጠራው ጠፋኝ።»

«ሸሚዙን አውልቅ።»

ሁሉም የሚለብሱት ጥቁር ሸሚዝ ነበር። ሬሚ አውልቆ አጠፈው፤ ካፖርቱን በገላው ላይ ደርቦ ወጣ።

«የሳትኩት እኔ ነኝ» አለች ኦዲል፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ።

«ጆሮ አለኝ። ያባረርኩት ስለተከተለሽ ነው። አንቺ ትቆያለሽ፤ ድምፅሽን እፈልገዋለሁ።»

ዓመት ሙሉ ልትሰማው የጓጓችው ቃል ነበር። ግን ሸሚዟን አውልቃ በሬሚ ሸሚዝ ላይ አኖረችና ሹራቧን ለበሰች።

ባቡር ጣቢያው አግዳሚ ላይ አገኘችው፤ የጊታሩን ሳጥን በጉልበቱ መሀል ይዟል።

«ማን ለመነህ?»

«ማንም።»

«ምፅዋት አልፈልግም።»

«የምን ምፅዋት? አሁንም ቅዳሴ ነው የምትመስይው» አለ፣ ሐዲዱን እያየ። «ብቻሽን ስትቀሪ ግን ዝም ብዬ መስማት አልቻልኩም።»

አጠገቡ ተቀመጠች። ባቡሩ ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል። የሬሚ ጣቶች ሳይታወቀው ያንኑ ሐረግ በሳጥኑ ላይ መምታት ጀመሩ። እሷም እንደ መድረኩ ዙሩን በልቧ ትቆጥራለች።

በሦስተኛው ዙር እጇን እጁ ላይ አሳረፈች።

«ገና ነው» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው።