ማይልስ የት ተወለደ?

ወጣቱን ፊንታን ኪልቤንን የሰደበው ማላኪ ቱሂ ነው። ቀኑ የፋሲካ እሑድ፣ ቦታው የቤተ ክርስቲያኑ የድንጋይ አጥር። ቅዳሴ አልቆ ወንዶቹ እንደ ልማዳቸው አጥሩን ተደግፈው ስለ ከብትና ስለ ኳስ እያወሩ ነበር። ፊንታን አንዷንም ቃል አልረሳም።

«ይሄን ልጅ የኳስ ቡድናችን አምበል ሊያደርጉት ነው አሉ!» ነበር ያለው ማላኪ፣ ሰው መስማቱን ዙሪያውን እያየ። «የዚህ ደብር አምበል! ኪልቤኖች እኮ ንፋስ ያመጣቸው ናቸው። ያ ማይልስ የሚሉት የመጀመሪያው ኪልቤን የት እንደተወለደ የሚያውቅ አለ? ቦይ ውስጥ ይሆናላ!»

ሳቁ። አንድም ሰው «ተው» አላለም። ፊንታን ሳቁንስ በቻለው ነበር። ያልቻለው የአያቱን ነገር ነው። አያቱ ኮልማን አጠገቡ ቆመው ነበር፤ ባርኔጣቸውን አስተካክለው ወደ መኪናቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አጥሩ ዘንድ ቆመው አያውቁም። ቅዳሴ ሲያልቅ መኪናቸው ውስጥ መስኮት ዘግተው ይጠብቁታል።

ማይልስ የእሳቸው አያት ነው። ጎልማሳ ሆኖ፣ ጆንያ ተሸክሞ ከሐይቁ ማዶ መጣ ይባላል። የማይልስ አባት የማዶ ሰው ስለነበር ፊንታን የማዶውን ደብር የክርስትና መዝገብ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ገጽ በገጽ አገላበጠው። የማይልስ ወንድሞች አሉ፤ እኅቶቹም አሉ። ማይልስ የለም።

«ተወው ልጄ» አሉት አያቱ። «እኔም በወጣትነቴ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። ማላኪ ያለው እውነት ቢሆንስ?»

ይቺ «ቢሆንስ» ከስድቡ ባሰችበት።

ነገሩን የፈታችለት የአያቱ እኅት፣ አክስት ኑአላ ናት። ሻይ እየቀዳች ሁሉንም ሰማችና ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ ጓ አደረገችው።

«እናንተ ወንዶች የአባት መንገድ ብቻ ነው የሚታያችሁ! ማይልስ ስንተኛ ልጅ ነው?»

«የመጀመሪያ።»

«ታዲያ ማዶ ምን ያንከራትትሃል? ያኔ ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ሄዳ ነው። ክርስትናውም እዚያው ነው የሚነሳው። ይሄ ኮልማን ራሱ የተወለደው እናታችን አገር አይደል?»

«የማዶው መዝገብ እናቱን ኦነር ብቻ ነው የሚላት፤ የማን ልጅ እንደሆነች አናውቅም፣ አክስቴ።»

«እንግዲያው ከቅርብ ጀምር። ያ ሰውዬ ጆንያውን ተሸክሞ ወደዚህ የመጣው የሚያውቀው ሰው ቢኖር ነው።»

ቅርቡ የገዛ ደብራቸው መዝገብ ነው። የኪልቤኖችን ስም ብሎ ከፍቶት የሚያውቅ አልነበረም። መጤ ናቸው ተብሏላ! መጤ እዚህ መዝገብ ላይ ምን ይሠራል?

በቀጣዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ኦየን ያረጀውን መዝገብ ከቁም ሣጥን አወጡለት። እያገላበጡ ቆዩና ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ቆመ።

«ማይልስ። አባት ቶማስ ኪልቤን። እናት...» መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አደረጉ። በዚህ ደብር መዝገብ ላይ እናት የምትጻፈው በአባቷ ቤት ስም ነው። «እናት ኦነር ቱሂ። የትውልድ ቦታ፣ ኖክሮ።»

ኖክሮ! ማላኪ ዛሬም የሚኖርበት፣ ኮረብታው ላይ ያለው ቤት። «እኛ ቱሂዎች ከዚያ ምድጃ አጠገብ ስንወለድ ኖረናል» እያለ ሰው የሚያደነቁርበት።

«የክርስትና አባት፣ ማላኪ ቱሂ» ሲያነቡ አባ ሳቃቸው አመለጣቸው። «የአሁኑ አይደለም ደግሞ! የኦነር ወንድም መሆን አለበት። ቱሂዎቹ ግን ኦነር የምትባል ሴት ከቤታቸው እንደወጣች ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም።»

ሁሉንም በወረቀት ገልብጠው ሰጡት። ፊንታን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከበሩ እስከ አጥሩ ሲሄድ የሚናገረውን አዘጋጀ፤ ጮክ ብሎ፣ ሁሉም እየሰማ።

ማላኪ ገና ሲያየው ጀመረ። «የቦዩ ልጅ! አባን ደግሞ ምን አስቸገርካቸው? ቦዩን አገኘኸው እንዴ?»

ወንዶቹ ዞሩ። ፊንታን አፉን ከፈተ። ያኔ የማላኪን አፍንጫ አየ። ረጅም ነው፣ ጫፉ ወደ ግራ ዘመም ያለ። አያቱ ፊት ላይ እያየው ያደገው አፍንጫ!

አሁን ቢናገር ማላኪ ክው ይላል፤ አጥሩ በሳቅ ይናወጣል። ነገ ግን ያው ማላኪ «ዘመዴ» እያለ ትከሻው ላይ እጁን ሊጭን ነው። ደግሞስ ያን ቀን የሳቁት ሁሉ፣ በወጣትነታቸው ፈልገው ካጡት አያቱ ቀድመው ሊሰሙት?

«ምነው? ዲዳ ሆንክ?» አለ ማላኪ።

ከመንገዱ ማዶ መኪናዋ ቆማለች። መስኮቷ ተዘግቷል፤ መስታወቱን የአያቱ ትንፋሽ አደብዝዞታል።

ፊንታን ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ጨበጠው። ለማላኪ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መኪናዋ ሄደ።