ፀሐይ የማትባልበት ቤት

ሃያ ዓመት ሙሉ ፀሐይን ፀሐይ ብዬ ሳልጠራ ኖሬያለሁ። ቂሜን አልደብቅም።

የባሌ አባት ስማቸው ላንጋ ነበር፤ በእኛ በደቡብ አፍሪካ ኮሳዎች ቋንቋ ፀሐይ ማለት ነው። ምራት ደግሞ የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙ ያለበትን ቃል ሁሉ ትታ ሌላ ትፈልጋለች። እኔም ፀሐይን «አሟቂዋ» አልኳት። ሽማግሌው ሞቱ፣ ባሌም ተከተላቸው፤ ክልከላው ግን አልሞተም። የባሌ እናት ማድሎሞ ጆሯቸውን አቁመው ይጠብቁኝ ነበር።

ከዚያ የበግ ጠጉር ሸላቹ መጣ። እሱ ይሸልታል፣ እኔ ሱፉን እለያለሁ። ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ቅርብ ነው። ስሙን ብጠይቅ ላንጋሌቱ ሆኖ ቁጭ! «ፀሐያችን» ማለት ነው።

«አንተ ሸላች» እያልኩ ጠራሁት። ተቀየመ።

«እኔ ስም የለኝም?» አለ መቀሱን አስቀምጦ። «ውሻው እንኳ በስሙ ይጠራል!»

«የባሌ አባት ስም አንተ ላይ አለ። ምን ላድርግህ?»

ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። ሱፉ ከእጄ ወደቀ።

«ታዲያ ፀሐይን ምን ትያታለሽ?»

«አሟቂዋ።»

«ራስሽ ነሽ ያወጣሽው?»

«ማን ያውጣልኝ? አንተ?»

ሳቀ። በማግስቱ ከደጅ ሆኖ፣ «ኖፊኪሌ፣ አሟቂዋ ወጣች!» ብሎ ሲጮህ ልቤ እንደ ጠቦት ዘለለ። ቃሌን ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

የሸላቹ አጎቶች ስለ ጥሎሼ ሊነጋገሩ የመጡ ዕለት ቤቱ ሞላ። እሱ እንደ ደንቡ ከጅረቱ ማዶ ቆሞ ይጠብቃል።

ማድሎሞ እንግዶቹን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። «ማንን ነው የፈለግሽው? ስሙን ጥሪና ሂጂ። ካልጠራሽ ግን እነዚህ ሰዎች ከብታቸውን ይዘው ይመለሱ።»

«እናታችን፣ ይህማ…» አለ አንዱ አጎት።

«እሷን ነው የጠየቅኩት!»

«እማማ፣ እንደማልችል ያውቃሉ» አልኩ።

«አሳምሬ!» አሉና ፈገግ አሉ።

ያቺ ፈገግታ ናት የጨረሰችኝ። ተነሳሁ፤ በሩን በርግጄ ወጣሁ። ማዶ ቁመቱ ታየኝ።

«ላንጋሌቱ!»

ጣሪያው አልተደረመሰም። እሱ ባርኔጣውን አውልቆ እንደ ግንድ ቆመ።

ምናልባት አልሰማም ይሆናል ብዬ ደግሜ ጠራሁት።