የጳጉሜን ስድስት ቁልፍ

የሺወርቅ የቀሚሱን ጠርዝ በምላጭ እየተረተረች ነበር። ክሩን አንድ በአንድ። ሳትቸኩል።

ሱቋ በናይሮቢ መሃል ከተማ፣ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ መስታወት፣ መጋረጃ የተጋረደበት አንድ የመለኪያ ጥግ። የቀሚሱ ባለቤት ቤቲ ከመስታወቱ ፊት ቆማ ፀጉሯን ታስተካክላለች። በአንድ የጭነት አውሮፕላን ድርጅት እንግዳ ተቀባይ ናት።

«እትዬ የሺ፣ ፕሊስ፣ ነገ ማታ እንዲደርስልኝ። ሚሌኒየም እኮ ነው። እንዲህ መሬት እየጠረግኩበት ልገባ ነው?»

«ቀሚሱ ልኩ ነው። አንቺ ነሽ ያጠርሽው።»

«ሳዋ፣ እሺ፣ ስደቢኝ። ብቻ ይድረስልኝ።» ቤቲ ቦርሳዋን ከፈተች። «ረስቼው። ይሄን መልአኩ ነው የላከልሽ። ለእህቱ ልጅ ቀሚስ ይሰፋልኝ ብሏል።»

«ራሱ ነው የሰጠሽ?»

«ኧረ እሱ ከዓርብ ጀምሮ ኦፊስ አልመጣም። አሞታል አሉ። ሾፌሩ ነው ያመጣው።»

የሺወርቅ የታጠፈውን ወረቀት ገለጠች። ትከሻ፣ ወገብ፣ ቁመት። ጽሑፉ የመልአኩ ነው። ከግርጌው እንዲህ ይላል፦ «ለጳጉሜን 6 ይድረስ። 4 ሰዓት።»

ምላጩ ቆመ።

ልብስ ሰፊነቷ ውሸት አይደለም። ውሸቱ ስሟ ነው። አዲስ አበባ በሚገኘው የስለላ መሥሪያ ቤቷ መዝገብ ላይ «መርፌ» ተብላ ተጽፋለች። መልአኩ ደግሞ «ክር» ነው። የቤቲ ድርጅት በመድኃኒት ስም መሣሪያ ያመላልሳል፤ መልአኩ የጭነት ሰነዶቹን ሁለት ዓመት ሙሉ እየገለበጠ ሲያቀብላት ኖሯል። ባለፈው ወር ሲገናኙ አንድ ነገር ነገራት። «ከእናንተው አንዱ ይሸጣችኋል። በሚቀጥለው ስሙን ይዤልሽ እመጣለሁ።»

የሚገናኙት ንጎንግ ኮረብታ ላይ ነው፤ በፈረሰው የጦርነት ጊዜ ራዳር ጣቢያ። ወረቀት ከመጣ ቦታው እሱ ነው። ቀኑና ሰዓቱ ብቻ ይጻፋል።

አንድ ውል ደግሞ ነበራቸው። የሁለቱ ብቻ። መሥሪያ ቤቱም አያውቀውም።

«ከያዙኝ ጳጉሜን ስድስት ብዬ እጽፍልሻለሁ» ብሏት ነበር፣ በ1997። «የሌለ ቀን ነው። አትምጪ ማለት ነው።»

በዚያ ዓመት ጳጉሜን አምስት ነበረች። ሁለቱም ሳቁ። ሁለቱም አንድ ነገር ዘነጉ።

ዘንድሮ 1999 ነው። ዘመነ ሉቃስ። ጳጉሜን ስድስት ናት።

ዛሬ ጳጉሜን አምስት፣ ሰኞ። ወረቀቱ ማስጠንቀቂያ ከሆነ መልአኩ በጠላት እጅ ነው። ቀጠሮ ከሆነ ግን ነገ ስሙን ይዞ ብቻውን ይቆማል፤ እሷ ከቀረች ሌላ ሰው ይደርስበታል።

ቤቲን ሸኝታ ከሕንፃው ወረደች። ከሕዝብ ስልክ ደወለች። ይድነቃቸው የናይሮቢ አለቃዋ ነው። ሩንዳ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ይኖራል፤ ለጎረቤቶቹ የዓለም አቀፍ ድርጅት ባለሙያ ነው።

«ጋሼ፣ ደህና አደሩ? የትንሿ ልጅ ቀሚስ ለጳጉሜን ስድስት ይድረስ ተብሏል።»

ይድነቃቸው ሳቀ። «ዘንድሮ እኮ ስድስት ናት። አድርሺላቸው እንጂ። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«እሺ ጋሼ።»

«የሺዬ፣ ለበዓሉ የምለብሰው ኮት አንድ ቁልፍ ጎድሎታል። ጠዋት ይዤው እመጣለሁ።»

ስለ ውሉ አልነገረችውም። ለምን እንዳልነገረችው ራሷም በደንብ አታውቅም። ወስፌና መቀሷን በቦርሳዋ ከተተች። ነገን አትጠብቅም። ዛሬውኑ ሄዳ ታያለች።

ማታቱው፣ የናይሮቢው ሚኒባስ፣ ንጎንግ ገበያ አጠገብ አወረዳት። የመኪናውን መንገድ ትታ በከብቶቹ መሄጃ በጀርባ በኩል ወጣች። ጭጋጉ ገና አልተገለጠም። ሣሩ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ አራሰው።

ጣቢያው በጭጋጉ ውስጥ ቀስ ብሎ ታየ። እንግሊዞች ናቸው የሠሩት ይላሉ፣ ጣሊያን ከሐበሻ ምድር አስነሥቶ የሚልካቸውን አውሮፕላኖች ሊጠብቁበት። አሁን ጣሪያ የሌላቸው ሦስት ክፍሎች ቀርተዋል። ግድግዳው ላይ የደበዘዘ የእንግሊዝ ቁጥር፤ መስኮቱ ውስጥ የወፍ ጎጆ። ማማው ተነቅሎ ተወስዷል። የቆመባቸው አራት የሲሚንቶ እግሮች ብቻ መሬቱን ነክሰው ቀርተዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ የዛገ ብሎን።

ከታች፣ በመኪናው መንገድ በኩል፣ ነጭ ፒክአፕ ቆሟል። ሦስት ሰዎች። ሁለቱ ጠመንጃ ይዘዋል። የስዋሂሊ ዘፈን ከፍተዋል።

ቀጠሮው ግን ነገ ነው።

በግድግዳው ጥግ ጥግ ወደ ጄኔሬተሩ ክፍል ደረጃ ወረደች። በሩ ብረት ነው፤ ስድሳ ዓመት የዛገ። ቁልፉ ግን አዲስ ነው፤ ያብረቀርቃል።

ከቁልፉ ሥር፣ አቧራው ላይ፣ ሌላ ቁልፍ ወድቋል።

የኮት ቁልፍ።

አነሣችው። ባለ አራት ቀዳዳ፣ ጥቁር። የተበጠሰው ክር አመድማ ነው፤ ከሥሩ ሰባት ጊዜ ተጠምጥሟል። ሰባት ጊዜ የሚጠመጥም ሰፊ በናይሮቢ አንድ ብቻ ነው። ሐምሌ ውስጥ፣ የአንድ ሰው ኮት ላይ፣ በራሷ እጅ የሰፋችው ነው።

ቁልፉን በመሀረቧ ቋጠረች።

«ማነው?» አለ ከበሩ ወዲያ የደከመ ድምፅ።

«እኔ ነኝ።»

«አትምጪ ብዬ አልጻፍኩልሽም እንዴ?»

«ዘንድሮ ስድስት ናት እኮ፣ አንተ ሰው።»

«ያስጻፈኝ ጋሽዬሽ ነው። ስድስት ስለሆነች ነው ያሳለፈው። ስጽፍ አጠገቤ ቆሞ ነበር።» ለመሳቅ ሞከረና ሳል ያዘው። «በሌላ ዓመት ብያዝ ኖሮ ወዲያው ይነቃብኝ ነበር።»

ወስፌዋን በማጠፊያው ዝገት ውስጥ ከተተች። ብረቱ ተፈረፈረ።

«ተይው» አለ። «እግሬ ተሰብሯል። የት ልታደርሺኝ ነው? ተሸክመሽኝ?»

«እሸከምሃለሁ።»

«አንቺ የቀሚስ ጥቅልል ይከብድሻል።» ጣቶቹ በበሩ ሥር ብቅ አሉ። ደም ደርቆባቸዋል። «ስሚኝ። የያዙኝ ዓርብ ነው። እኔ ግን ሐሙስ መጥቼ ስሙን ከነማስረጃው አስቀምጬዋለሁ። የማማው ሦስተኛ እግር፣ የብሎኑ ጉድጓድ። ቦታውን ብቻ ነው የነገርኳቸው። የሚፈልጉትን ዕቃ ራሳቸው እየጠበቁልን ነው።»

ዘፈኑ ቆመ።

የጫማ ድምፅ ተሰማ። ወደ ላይ እየመጣ ነው።

ደረጃው ሥር ተጣበቀች። መቀሱን ጨበጠች። ሰውየው ከራሷ በላይ ቆመ። ግድግዳው ላይ ሸና። እያፏጨ ተመለሰ።

ዘፈኑ ቀጠለ።

«እስከ ነገ አራት ሰዓት አይነኩኝም» አለ መልአኩ በሹክሹክታ። «ወጥመድ ያለ ሥጋ አይሆንም። አሁን ከጠፋሁ ግን ጋሽዬው ይሸሻል። ሂጂ።»

በበሩ ሥር የወጡትን ጣቶች ያዘች። ትንሽ ቆየች። ከዚያ የውኃ ጠርሙሷን በስንጥቁ አሾልካ አቀበለችው።

«ከአራት ሰዓት በፊት እመጣለሁ።»

«ጠርሙሱ ተመላሽ ነው» አለ። «በባዶ አትምጪ።»

በሆዷ እየተሳበች ሦስተኛው እግር ጋ ደረሰች። ወስፌው ሬንጅ ነካ። ከሬንጁ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ የኮምፒውተር ፍላሽ ወጣ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ለክፉ ቀን ብቻ የተሰጣትን የአዲስ አበባ ቁጥር ደወለች። ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረች። በመጀመሪያው በረራ አራት ሰዎች መጡ። ሁለቱ በማግሥቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ንጎንግ ሄዱ። ሁለቱ ፍላሹን ተረክበው ከመጋረጃዋ ኋላ ቆሙ።

ሁለት ሰዓት ላይ ይድነቃቸው ኮቱን ለብሶ ገባ። ደልዳላ፣ ሽቶ የሚሸት፣ ፈገግታው የማይጠፋ ሰው ነው።

«ተነሽ እንሂድ፣ የሺዬ። መኪናው ታች ነው።»

«ቁልፉን ልስፋልዎት ጋሼ። ሁለት ደቂቃ ነው። እንዲህ ሆነው ሰው ያይዎታል?»

ሰዓቱን አየ። ኮቱን አውልቆ ሰጣት። ኪሱ ከበዳት፤ ሽጉጡም ስልኩም እዚያው ነው። ኮቱን ከእሱ በራቀው ጭኗ ላይ አደረገች። መርፌዋን አመድማ ክር አስገባችበት። ቁልፉን ከመሀረቧ አወጣች።

«ተመሳሳይ አገኘሽ?»

«ራሱ ነው።»

ፈገግታው አልጠፋም። ግን ቆመ። «የት ነው የወደቀብኝ?»

«አንተ ታውቃለህ» አለች።

አንተ አለችው። በአራት ዓመት የመጀመሪያ ጊዜ። ከማንኛውም ስድብ ይልቅ ያቺ ቃል ያደነቆረችው ይመስል ራሱን ዘንበል አደረገ።

«የሺወርቅ…»

«በሩ ሥር። አዲሱ ቁልፍ ያለበት።»

ወደ ኮቱ ተወረወረ።

መጋረጃው ተገለጠ።

ብዙ ድምፅ አልነበረም። ወንበር ወደቀ፤ መስታወቱ ተሰነጠቀ። ሲያበቃ ይድነቃቸው ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ እጁ ወደ ኋላ ታስሮ ነበር።

የእሷ ስልክ ጮኸ። ከንጎንግ ነው።

«በሩን ከፍተናል። ጠባቂዎቹን ይዘናል።»

«እሱስ?»



«ሌሊቱን ነው ያለፈው። ብዙ ደም ፈሶት ነበር። አልነኩትም፤ እንዲሁ ነው። ጠርሙሱን ታቅፎ።»

ስልኩን አስቀመጠች። ወደ ኮቱ ተመለሰች። ክሩን ከቁልፉ ሥር ሰባት ጊዜ ጠመጠመች፤ ቋጠረች፤ በጥርሷ በጠሰች። ኮቱን አንሥታ በይድነቃቸው ትከሻ ላይ ጣል አደረገች።

«ውሰዱት» አለች።

ሱቁ ባዶ ሆነ። ከመንገዱ የማታቱ ጥሩንባ ይሰማል። ከሁለት ሰዓት በኋላ አውሮፕላን አላት፤ በሌላ ፓስፖርት፣ በሌላ ስም። ነገ 2000 ይገባል። ሰው ሁሉ ይጨፍራል። የመልአኩን ሙት ዓመት አሰበች። በሚቀጥለው ዓመት ጳጉሜን አምስት ናት። በሚከተለውም አምስት። የእሱ ቀን እስከ 2003 የለም።

የቤቲ ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ጠርዙ እንደተተረተረ።

ተቀመጠች። አራት ጣት አጠፈች፤ ጠርዙን ዞሮ እስኪገጥም ሰፋችው። ተኮሰችው። የቤቲን ስም በወረቀት ጽፋ በመርፌ ቁልፍ አያያዘችና፣ ከበሩ ኋላ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው።