ያልተቀመሰው ኩባያ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ስምንት ዓመተ ምሕረት፤ ጥቅምት በገባ በስድስተኛው ቀን፤ የክተት ነጋሪት ከተመታ ሁለት ሳምንት ሲሆነው፤ ከአራዳ ገበያ ቁልቁል ወደ እሪ በከንቱ በሚወስደው መንገድ ዳር በቆመች አንዲት የቆርቆሮ ጣራ ሐኪም ቤት ውስጥ፤ የአስታማሚዎች አለቃ ወይዘሮ ለተኪዳን ካባ ደርበው፤ ጎራዴ ታጥቀው፤ አልጋ ላይ ተጋድመው ይሳደቡ ነበር። ጤነኛ ነበሩ፤ አላበዱም። ማስተማራቸው ነው።

ወደ ጦር ሜዳ ለሚሄዱት አሥራ ሁለት ሴቶች ቁስል ማጠብንና መጠቅለልን ፈረንጁ ሐኪም ያስተምራቸዋል፤ ሰው መቻልን የሚያስተምሩት ግን ወይዘሮ ለተኪዳን ነበሩ። አልጋው ላይ ይወጡና አንድ ቀን እግሩ የተቆረጠ ወታደር፤ አንድ ቀን ልጇ የሞተባት እናት ይሆናሉ፤ ተማሪዋም ፊታቸው ቆማ ትሰደባለች፤ ትገፈተራለች፤ ምራቅ ይተፋባታል። ያለቀሰች እንደሆነ ግን ለብቻዋ አትተውም፤ ሁሉም ከበዋት ይቀመጡና «ምኑ ነው የከበደሽ?» ብለው እስክትናገር ይጠብቋታል።

ካባውና ጎራዴው የመጨረሻው ፈተና ነበሩ።

«ቅመሺ!» አሉ ወይዘሮ ለተኪዳን ድምፃቸውን አጎርንነው፤ ውሃ የሞላውን ኩባያ እየገፉ።

ፊታቸው የቆመችው ዘይቱና ነበረች፤ የአራዳው ጨርቅ ነጋዴ የዘይኑዲን ልጅ፤ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት። መልሱን አሳምራ ታውቀዋለች፤ «ጌታዬ፤ በዚህ ቤት መድኃኒት የሚቀምሰው የታመመ ብቻ ነው» ማለት ነበረባት። ኩባያውን አንስታ ካባው ላይ ደፋችው።

«አራተኛሽ ነው» አሉ ወይዘሮ ለተኪዳን ውሃውን እያራገፉ። «ቂም ይዞ ጸሎት፤ ሳል ይዞ ስርቆት! ስሚኝ ጓለይ፤ ልጄ፤ እንዲህ ሆነሽማ ቁስለኛ አላስነካሽም።»

የዘይቱና ቂም ሦስት ዓመት ሆኖታል። ያኔ ፊታውራሪ መርሻ የሚባሉ ባለርስት በዚሁ ቤት ተኝተው ነበር፤ የቆየ የጥይት ቁስል አጥንታቸውን ሲነዘንዛቸው ዓመታት ሙሉ አፍዮን የሚሉት አደንዛዥ ዕፅ ያለበት ማስታገሻ ሲወስዱ ኖረው፤ ሰውነታቸው እየለመደው መጠኑ ከፍ ብሏል። በትልቅ ሰው ቤት ጠጅ አሳላፊ በመዳፉ አንቆርቁሮ ቀድሞ ሳይቀምስ ለጌታው አያቀርብም፤ ፊታውራሪም ያንን ወግ ወደ ሐኪም ቤት ይዘውት መጡ። የምታስታምማቸው ዙህራ፤ የዘይቱና ታላቅ እህት፤ በመዳፏ ቀመሰችላቸው። «ጠብታማ ማንን ይገድላል? ግማሹን ጠጪው!» አሏት። ዙህራ ፈርታ አለቃዋን ልትጠይቅ ሄደች፤ አለቃዋም በሥራ ተወጥረው ኖሮ ቀና ሳይሉ «እሺ በያቸው፤ ጌታ አይቀየምብን» አሏት። ጠጣችው። ለእሳቸው ልማድ የነበረው ለዚያች ቀጭን ልጅ ሞት ሆነ፤ ከቀትር በኋላ አልጋቸው አጠገብ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች አንቀላፋች፤ አልነቃችም። ፊታውራሪም «ይኸው! መርዝ ነው አላልኩም?» ብለው ተነሥተው ሄዱ።

ዘይኑዲን አቤት ቢልስ ማን ሊሰማው? ሰማይ አይታረስ፤ ንጉሥ አይከሰስ፤ ለአንድ ጨርቅ ነጋዴ ደግሞ ፊታውራሪም ያው ንጉሥ ነው። እኚያ ቀና ብለው ያላዩት አለቃ ወይዘሮ ለተኪዳን ነበሩ፤ ካባ ለብሰው አልጋ ላይ መውጣት የጀመሩትም ዙህራ በተቀበረች በሳምንቱ ነው። ዘይቱና ግን ለቁስለኛ አዝና አልመጣችም። ያ ፊታውራሪ አንድ ቀን ይመለሳል፤ ያኔ ኩባያውን የምይዘው እኔ ነኝ ብላ ነው የመጣችው።

ተመለሱም። ጥቅምት አሥራ አራት ቀን፤ ፊታውራሪ መርሻ ጭፍራ ሊያስከትቱ ቆላ ወርደው ወባ ይዟቸው፤ በቃሬዛ ተጭነው ደረሱ፤ ሽማግሌው አሽከራቸው አርአያ ከራስጌያቸው አይለይም። ሐኪሙ ሣጥኖቹን አስጭኖ ወደ ሰሜን ሊነሣ አንድ እግሩን መኪናው ላይ አድርጎ ነበር፤ መራራውን የወባ መድኃኒት፤ ኪኒን የሚሉትን፤ በቀን ሦስት ጊዜ ለሰባት ቀን አዘዘና «ዛሬ ካልጀመሩ ነገን አያዩም» ብሎ ሄደ። ወይዘሮ ለተኪዳን ሌላ አስታማሚ ሊጠሩ ሲሉ፤ ዘይቱና «የኔ ናቸው» ብላ ቀደመች።

«ቅመሺ» አሉ ፊታውራሪ፤ ዓይናቸውን እንኳ ሳይገልጡ።

«ጌታዬ፤ በዚህ ቤት መድኃኒት የሚቀምሰው የታመመ ብቻ ነው።» አንድም ቃል አልሳተችም።

«እንግዲያው ውሰጂልኝ!»

«እሺ ጌታዬ» ብላ ወሰደችላቸው። ወደ ጓሮ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች፤ ወላሂ፤ ከሦስት ዓመት ወዲህ እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት አያውቅም። አቀረበች፤ እምቢ አሉ፤ ማን ይከሳታል? ኩራታቸው ይድፋቸው!

ወይዘሮ ለተኪዳን ኩባያውን እንደሞላ እጇ ላይ አዩት።

«ስንት ጊዜ ለመንሻቸው?»

«አንዴ።»

«እኔ ስንት ጊዜ ብዬ ነው ያስተማርኩሽ?»

«እስኪጠጡ» አለችና ጮኸች፤ «ይሙቱ እትዬ! ይሙቱ ነው የምለው! ዙህራን ማን ለመናት?»

«እሺ በያቸው ያልኳት እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ለተኪዳን። «የሚመረዝ ሰው ከፈለግሽ የኔ ኩባያ አለልሽ። እዚያ የተኛው ግን በሽተኛ ነው።»

«የእርስዎም ተራ ይደርሳል» አለች ዘይቱና። ከዚያ ግን ኩባያውን እያየች አሰበችበት። ወባ አእምሮውን አስቶ የሚገድለው ሰው ለምን እንደሞተ ሳያውቅ ነው የሚሞተው፤ ዙህራ የምትባል ልጅ እንደነበረች ሳያስታውስ፤ ተዘክሮና ተለቅሶለት። ይኸ አንገበገባት። ኩባያውን ይዛ ተመልሳ ገባች።

አርአያ እጁን ዘረጋ። «ወዲህ በይው እስቲ፤ እኔ ልቅመስላቸው። ሠላሳ ዓመት ቀምሻለሁ፤ ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለ?»

ቢቀምሰው ከምሬቱ በቀር ምንም እንደማይሆን ታውቃለች። ኩባያውን አራቀችበት። «አባቴ፤ እርስዎም አይቀምሱትም።» ወደ አልጋው ዞረች። «ጌታዬ፤ ከሦስት ዓመት በፊት እዚህ ተኝተው መድኃኒትዎን ያጋመሷት ልጅ ስሟ ማን ነበር?»

«የአስታማሚ ስም በምን አውቄ!»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። «ዙህራ ትባላለች፤ ዙህራ ዘይኑዲን። እኔ እህቷ ነኝ።»

ፊታውራሪ ዓይናቸውን ገለጡ። አርአያ ጎራዴውን ጨበጠ።

«በዚህ ከተማ እርስዎን ለመመረዝ ከኔ የበለጠ ምክንያት ያለው ሰው የለም። መድኃኒቱን የቀዳሁት ብቻዬን ነው፤ ማንም አይቀምሰውም። ካልጠጡ ነገ ይሞታሉ፤ ከጠጡም ... እንግዲህ ጠጥተው ይዩት።»

«ሌላ ሴት ጥሩልኝ!» አሉ ፊታውራሪ ወደ በሩ እያዩ።

ወይዘሮ ለተኪዳን በሩ ላይ ቆመው ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ቀና ያላለው ራስ አሁን ቀና ብሏል። «ሌላ ሴት የለችም፤ ጌታዬ» አሉ፤ ሌሎቹ ተማሪዎች ግቢው ውስጥ እያሉ።

ፊታውራሪ ኩባያውን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ጠርዙ ጥርሳቸውን ሲመታው ይሰማ ነበር። ምሬቱ ምላሳቸውን ሲነካው «ገደለችኝ!» አሉ፤ ግን ዋጡት። ዘይቱና ዙህራ ያሸለበችበትን ወንበር ስባ ተቀመጠችና ፊታቸውን ታይ ጀመር፤ ላብ ባጠመቃቸው ቁጥር፤ ሆዳቸውን በያዙ ቁጥር፤ «አይዞዎት» አትላቸውም። ሰባት ቀን፤ በቀን ሦስት ጊዜ፤ ኩባያውን ከመስጠቷ በፊት «ስሟ ማን ነበር?» ትላቸዋለች፤ «ዙህራ» ይሉና አርአያን በስስት አይተው፤ እንደሚሰናበት ሰው፤ ይጠጣሉ።

በስምንተኛው ቀን በበቅሎ ላይ ሆነው አስጠሯት። «ድኛለሁ» አሉ። «ለምን አልገደልሽኝም?»

«ሃያ አንድ ጊዜ ገድዬዎት የለም እንዴ?» አለች።

ወይዘሮ ለተኪዳንንም አልማረችም። «የእርስዎ ቅጣት ይኸ ነው፤ አቅምዎ እስኪደክም ካባውን ለብሰው ፊታውራሪን ሆነው ይተኛሉ፤ ኩባያ እየተደፋብዎ።» ወይዘሮ ለተኪዳንም «ፍርዱ ይገባኛል» ብለው ተቀበሉ። በማግስቱ አልጋው ላይ ሲወጡ ዘይቱና መልሱን ሳትስት መለሰችላቸው፤ ኩባያውንም አልደፋችውም። በኅዳርም በደሴ በኩል ከሚዘምቱት ጋር ተነሣች፤ ስለ መመለሷ የጻፈ ሰው አልተገኘም።

ፊታውራሪ መርሻ በዚያው ዘመቻ ወደቁ። የጦር ሜዳውን ወሬ የጻፉ ሰዎች የእሳቸውን ስም፤ የበቅሏቸውን መልክ ሳይቀር፤ በየወረቀታቸው አኑረውታል። የዙህራ ስም በአንዱም ወረቀት ላይ የለም። ከቤቷና ከባልንጀሮቿ ውጭ ያንን ስም አፉን ሞልቶ የጠራ ሰው ቢኖር ፊታውራሪ መርሻ ነበሩ፤ ሃያ አንድ ጊዜ ጠርተውታል፤ ያንንም ማንም አልጻፈላቸውም።