ድምፅ ጠጋኟ ሳጥን

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከማርስ ድምፅ ይመጣል፤ የጠባሴ ሰፈር ሰውም ተራ ይዞ ያዳምጣል። ማርስ ላይ በረዶ ቆፍሮ ውሃ የሚያወጣው ድርጅት ሠራተኛ ሊመለምል መጀመሪያ የመጣው ወደዚሁ ወደ ደብረ ብርሃን ነው። «እነዚህ ብርድ ለምደዋል» ብሎ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር የማርስን ብርድ የሚለምድ ፍጡር የለም፤ ቢሆንም የሰፈሩ ጎረምሳ ተመርጦ ሲሄድ ኮራ፣ እናቶችም የቅዳሜን ተራ ያዙ።

ድምፁ ግን እንደተላከ አይደርስም። የፀሐይ ማዕበል መንገድ ላይ ይቦጫጭቀዋል። «እማዬ... ሽሽሽ... በላሁ... ሽሽሽ» ሰምቶ ወደ ቤት መመለስ ለእናት ምን ይፈይዳል? የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዋ ትንግርት ዘውገ ድምፅ ጠጋኟን የሠራችው ለዚህ ነበር። የጫማ ካርቶን የምታክል ሳጥን ናት፤ የጎደለውን ቃል በላኪው በራሱ ድምፅ ትሞላለች፣ ጩኸቱን አጥርታ ታወጣለች፣ ሙሉ መልእክት ታሰማለች። ከዚህ የሚላከውም መልስ በእሷው በኩል ነው የሚያልፈው። የትኛው ቃል የት እንደሚገባ እንድትማር ትንግርት የሰፈሩን ሰው አርባ ሺህ የድምፅ መልእክት ለምና ሰብስባ አስጠንታታለች። ሁለት ክረምት ሙሉ ሌላ ነገር አልሠራችም።

ሳጥኗ ላይ ቀይ መብራት ነበረች። ከመልእክቱ ከግማሽ በላይ ከጠፋ መብራቷ ትበራለች፣ ሳጥኗም «አልችልም» ብላ ታቆማለች። ሐምሌ ውስጥ አንድ ቅዳሜ በእትዬ ደብሪቱ ተራ በራች። እትዬ ደብሪቱ የቆፋሪው የሸዋፈራሁ እናት ናቸው፤ ሌላ ወንድ ልጅ የላቸውም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሲወጡ ትንግርት ሆዷ ባባ። ነገሩ የሆድ መባባት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። መስከረም ላይ የትምህርት ቤቶች የቴክኖሎጂ ውድድር አለ፤ ዳኞች ፊት «አልችልም» የሚል ማሽን ማን ይሸልማል? በማግስቱ ገደቡን ከፕሮግራሙ አወጣችው፣ የመብራቷንም ሽቦ ቆረጠች።

ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ እትዬ ደብሪቱ ቀድመው መጡና አዳመጡ።

«እማዬ፣ ደህና ነኝ፣ አታስቢ። የጣራው ነገር ባልሽው መሠረት ይሁን፤ ክረምቱ ወጥቷል፣ አሠሪው።»

«ሰማሽ? የጣራውን ነገር አልረሳም እኮ!» አሉና የትንግርትን ጉንጭ ሳሙ። «እጅሽ ይባረክ ልጄ።»

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ትንግርት ለውድድሩ የምታቀርበውን ሰንጠረዥ ከፈተች። ከእያንዳንዱ መልእክት ምን ያህሉን ሳጥኗ ራሷ እንደሞላችው ያሳያል። የሸዋፈራሁ የነሐሴ መጨረሻው አርባ አራት ከመቶ ይላል። የሚቀጥለው መቶ። የሚቀጥለው መቶ። አራት ቅዳሜ በተከታታይ መቶ ከመቶ።

ሰንጠረዡ የተበላሸ መሰላት። ያልተጠገነውን ቅጂ ከፈተች። ሽሽሽሽ። አራት ደቂቃ ሙሉ፣ ሌላ ምንም የለም። የሸዋፈራሁ የመላኪያ ሰዓት በየሳምንቱ በራሱ ይከፈታል፤ ማንም አልተናገረም፤ ሳጥኗ ደግሞ የአራት ደቂቃ ቀዳዳ አይታ፣ የጣራውን ነገር ከእናቱ መልስ ለቅማ፣ እንደታዘዘችው ሞላችው።

«ልንገራቸው» ብላ ተነሣች። ከዚያ ተቀመጠች። ውድድሩ ሰኞ ነው። ምናልባት አንቴናው ተበላሽቶ ይሆናል፤ ምናልባት ሸዋፈራሁ ወደ ሌላ ጉድጓድ ተዛውሯል። ከሰኞ በኋላ እነግራቸዋለሁ አለች። ያችን «ከሰኞ በኋላ» ዕድሜ ልኳን አትረሳትም።

እሑድ ጎህ ሲቀድ አባቷ አቶ ዘውገ ጋቢያቸውን ደርበው ሲወጡ ደጃፍ ላይ አገኘቻቸው። የሰፈሩ እድር ዳኛ ናቸው።

«ወዴት ነው አባዬ?»

«መርዶ ልናረዳ።»

«ማን ሞተ?»

ዓይኗን ሳያዩ «ሸዋፈራሁ» አሉ። «ወር ሊሞላው ነው።»

የጠባሴ ቆፋሪ ለአደጋ ጊዜ ተጠሪ አድርጎ የእናቱን ስም አያስመዘግብም፤ እድሩን ነው። እናት መርዶን ብቻዋን ከማሽን እንዳትሰማ። የድርጅቱ ደብዳቤ ለእድሩ የደረሰው በጳጉሜ ነበር። ለዘመን መለወጫ መርዶ አይነገርምና «እንቁጣጣሽ ይለፍ» ተባለ። ሲያልፍ ደግሞ «መስቀል ይለፍ፣ እህቱም ከጅግጅጋ ትድረስ» ተባለ። ትልልቁ ሰው ሁሉ አውቆ በሆዱ ይዞታል፤ ለልጆች ትንፍሽ ያለ የለም።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ልጅ ነሽ። ምን ያገባሻል ብዬ ነው።»

ትንግርት ነጠላ ጎትታ ተከተለቻቸው።

እትዬ ደብሪቱ በር ሲከፍቱ ግቢው በሰው ተሞልቷል። በዚያ ሰዓት፣ ያን ያህል ሰው ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። አቶ ዘውገ ቀስ ብለው ተናገሩ። እትዬ ደብሪቱ ግን አልጮኹም፤ ሳቁ።

«ተሳስታችኋል። ልጄ ትናንት አናግሮኛል! የጣራዬን ነገር ሳይቀር!»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ትንግርት፣ ነይ እስቲ ንገሪያቸው። አንቺ አይደለሽ ያሰማሽኝ?»

መርዶ መናገር የሽማግሌ ሥራ ነው። ያን ማለዳ ግን አሥራ ስድስት ዓመት ባልሞላት ልጅ ላይ ወደቀ። ትንግርት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«እትዬ... እሱ አልነበረም። ማሽኑ ነው። ባዶ ነበር፣ ማሽኑ ሞላው። እኔም... ትናንት ካወቅኩ በኋላ ዝም አልኩ።»

እትዬ ደብሪቱ ትናንት የሳሙትን ፊት አዩት። ከዚያ ጮኹ።

ሰኞ ወደ ውድድሩ አልሄደችም። «አመመኝ» አለች፤ ውሸት አልነበረም። አባቷ ሊያጽናኗት አጠገቧ ተቀመጡ።

«እኛም ደብቀናል እኮ። አንቺ ብቻ አይደለሽም።»

«እናንተ ዝም አላችሁ አባዬ። እኔ በእሱ አፍ አወራሁ።»

ሳጥኗ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ፣ አታስቢ» የምትለው ከየት አምጥታ ነው? ያስጠናቻትን አርባ ሺህ መልእክት ትፈትሽ ጀመር። እግሩ ተሰብሮ የተኛው ሰውዬ «ደህና ነኝ» ይላል። ከሥራ የተባረረችው «ደህና ነኝ» ትላለች። የገዛ አባቷ፣ ለቀዶ ሕክምና በገቡበት ቀን፣ «ደህና ነኝ፣ አታስቡ።» ሳጥኗ ውሸት አልፈጠረችም። ሰፈሩ ያስተማራትን ነው የደገመችው። ይህ ትንግርትን አላጽናናትም፤ ሽቦዋን የቆረጠው ሰፈሩ አይደለም።

በሣልስቱ እትዬ ደብሪቱ አስጠሯት። ሳጥኗን ታቅፋ ገባች። ዓይናቸው አብጧል፣ ድምፃቸው ተዘግቷል።

«የመጨረሻውን የእሱን አሰሚኝ። ያልነካሽውን።»

የነሐሴውን ያልተጠገነ ቅጂ ከፈተችላቸው። እሷም ሰምታው አታውቅም፤ የተጠገነውን ብቻ ነበር የምትሰማው። «እማዬ... ሽሽሽ...» ከዚያ ሳል። ደረቅ፣ ከሥር የሚመጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ጊዜ። «...ደህና... ሽሽሽ...» ደግሞ ሳል።

የእትዬ ደብሪቱ እጅ ወደ ደረታቸው ሄደ።

«ይሄ ሳል እስከዛሬ የት ነበር?»

«ማሽኑ ከጩኸቱ ጋር አጥርቶ አወጣው። እንደዚያ ያዘዝኩት እኔ ነኝ።»

«የቁፋሮው አቧራ ሳንባውን ጨረሰው ነው የሚለው ደብዳቤው።» ቃላቸውን እየመረጡ ተናገሩ። «ይሄን ሰምቼ ቢሆን በዚያው ቀን ሐኪም እይ እለው ነበር። የሌላ ሰው ምክር አይሰማም፤ የእኔን ይሰማል።»

ቢሉት ይድን ነበር ወይ? ማንም አያውቅም፤ ትንግርትም መቼም አታውቅም። ቢሰድቧት፣ ቢያባርሯት ይሻላት ነበር። «ይቅርታ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ በጣም ስላነሰባት ዋጠችው።

«ድገሚው» አሉ።

ደገመችው። ሽሽሽታው መጣ። ሸዋፈራሁ ሳለ።

«ይማርህ» አሉ እናቱ፣ ጓዳ ውስጥ ለተኛ ሰው እንደሚሉት።

ሳሉ እየበረታ ሲሄድ ትንግርት አላስቻላትም፤ ድምፁን ልትቀንስ እጇን ወደ ሳጥኗ ዘረጋች። እትዬ ደብሪቱ እጇን ያዙት።

«ተይው፣ ይሳል።»